ሥራው ሳይቀንስ ድካሙን መቀነስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የዕለት ተዕለት ሥራቸው ከአቅማቸው በላይ እየከበዳቸው ለመጡና ሥራውን ሳይተዉ ድካሙን ማቅለል ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ ከቤት እመቤቶች፣ ከቢሮ ሠራተኞች፣ ከተማሪዎችና በውጭ አገር ተቀጥረው ከሚሠሩ ወገኖች ዘወትር የሚሰሙ ናቸው።

ሥራ «ከበደኝ» ስንል በትክክል የሚሰማን ነገር ምንድን ነው?

አንድን ሥራ ስንሠራ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንደኛው ሰውነት በእርግጥ የሚያወጣው ጉልበት ሲሆን፣ በልብ ምት፣ በአተነፋፈስና በምናቃጥለው ካሎሪ ሊለካ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ ሥራው ምን ያህል እንደከበደን ውስጣችን የሚነግረን ስሜት ነው። ብዙ ጊዜ አብረው ይጨምራሉ፣ አብረውም ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ያው የውኃ ጀሪካን፣ በያው መንገድ፣ በያው ሰው ጀርባ ላይ ሆኖ፣ ጥሩ እንቅልፍ በተተኛበት ጠዋትና ሲነታረኩ በተዋለበት ማታ እኩል አይከብድም።

ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጉናር ቦርግ ይህ ስሜት ሊለካ ይገባዋል ብሎ በማመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከ6 እስከ 20 የሚደርስ መለኪያ አዘጋጀ። 6 ምንም ጥረት የሌለበት ዕረፍት ሲሆን፣ 20 ደግሞ ከዚያ በላይ መሄድ የማይቻልበት ጥግ ነው። ቁጥሩ በ10 ሲባዛ በጤናማ ወጣት ላይ ከልብ ምት ጋር በግምት እንዲቀራረብ ተብሎ የተቀመረ በመሆኑ ነው አጀማመሩ ከ6 የሆነው። መለኪያው ዛሬም በስፖርት ሥልጠናና በልብ ሕሙማን የማገገሚያ እንቅስቃሴ ላይ ይሠራበታል። ለቤት አገልግሎት ግን ከ0 እስከ 10 የሚሄድ ግምት ይበቃል፤ ለአንድ ሳምንት ያህል እያንዳንዱ ሥራ እንዳለቀ «ይህ ስንት ነበር?» ብለው ቢጽፉ፣ ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዘው ሥራ ብዙ ጊዜ እርስዎ የጠረጠሩት እንዳልሆነ ያያሉ።

ስሜት ብቻ ከሆነ፣ በሥራው ውጤት ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?

ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሳሙኤሌ ማርኮራ የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ 16 ሰዎች በሁለት የተለያዩ ቀናት በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አቅማቸው እስኪያልቅ ድረስ እንዲጋልቡ ተደረገ። በአንደኛው ቀን ከግልቢያው በፊት ለ90 ደቂቃ ትኩረትን አጥብቆ የሚጠይቅ የኮምፒውተር ሥራ ሠሩ፤ በሌላው ቀን ደግሞ ያንኑ ያህል ጊዜ ዘና የሚያደርግ ዘጋቢ ፊልም ሲመለከቱ ቆዩ። አእምሯቸው በደከመበት ቀን 15 በመቶ ያህል ቀድመው አቆሙ። የሚደንቀው ነገር፣ በልብ ምታቸውም ሆነ በደማቸው ውስጥ በነበረው የላክቲክ አሲድ መጠን ይህን ሊያስረዳ የሚችል ልዩነት አለመገኘቱ ነው። ልዩነቱ የታየው ግልቢያው ገና ሲጀመር ከብዷቸው መነሣቱ ላይ ነበር፤ ስለዚህ «ከዚህ በላይ አልችልም» ወደሚባለው ደረጃ ቶሎ ደረሱ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሰው ሥራውን የሚያቆመው ወይም የሚያበላሸው ጉልበቱ ተሟጦ ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን፣ የሚሰማው ክብደት ሊከፍለው ከፈቀደው ዋጋ በላይ ሲሆን ጭምር መሆኑን ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲያረቅ የዋለ ሰው፣ እግሩም እጁም ሳይደክም፣ ማታ ጥቂት ሰሃን ማጠብ ተራራ የሚሆንበት ለዚህ ነው። ስለሆነም የሚሰማውን ክብደት የሚቀንስ ማንኛውም ነገር፣ አንድ ኪሎ ጡንቻ ሳይጨምር፣ ሥራው ረዘም ላለ ጊዜና በተሻለ ጥራት እንዲሠራ ያደርጋል።

ሥራን ማቅለል ስንፍና አይሆንም?

አይሆንም፤ ይህን ፍርሃት በተለይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጥሮ ግሮ ማደርን የምናከብር ሕዝብ በመሆናችን፣ ያላላበንና ያላጎበጠን ሥራ የተሠራ የማይመስለን ብዙዎች ነን። ነገር ግን እናቶቻችን ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ የኖሩትን እህል ዛሬ ወፍጮ ቤት ሲፈጨው፣ ዱቄቱን የሰነፍ ዱቄት ያለው የለም። የተረፈው ጉልበት ወደ ሌላ ሥራ፣ ወደ ልጆችና ወደ ዕረፍት ሄደ።

አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝ እ.ኤ.አ. በ1885 በግንበኝነት ሲቀጠር፣ ግንበኞቹ ለእያንዳንዷ ጡብ ወደ መሬት እያጎነበሱ የራሳቸውን ገላ ክብደት ጭምር ሲያነሡ አየ። ጡቡና ጭቃው በወገብ ከፍታ ላይ የሚቀመጡበት፣ ግድግዳው ከፍ ሲል አብሮ ከፍ የሚል መደርደሪያ ሠራ፤ ጡቦቹም ቀድመው ተመርጠውና ደህናው ገጽታቸው ወደ ውጭ ሆኖ እንዲደረደሩ አደረገ። አንዲት ጡብ ለማኖር ይፈጅ የነበረው 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ወረደ፤ በሰዓት 120 ጡብ ይሠራ የነበረ ሰውም እስከ 350 ለመሥራት እንደበቃ በጊዜው ተመዝግቧል። ግንበኞቹ ይበልጥ እንዲታገሉ የጠየቃቸው አልነበረም፤ የተለወጠው የዕቃው አቀማመጥ ነው።

በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ከየት ልጀምር?

ከሚደጋገመው ይጀምሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ከባድ ሥራ ከሚያደክመን ይልቅ፣ በቀን አርባና ሃምሳ ጊዜ የምትደጋገም ትንሽ እንቅስቃሴ ታደክማለች፤ እያንዳንዷ ትንሽ ስለሆነችም ዓይን ውስጥ አትገባም።

እንጀራ መጋገርን እንመልከት። ምጣዱ ወለል ላይ በጉልቻ ተጥዶ፣ የሊጡ ባልዲ በስተኋላ፣ ማሰሻው በአንድ በኩል፣ ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሆነ፣ ጋጋሪዋ ለአንዲት እንጀራ ሊጥ ለመቅዳት ትዞራለች፣ ለማሰስ ታጎነብሳለች፣ አክንባሎውን ለመድፋትና ለማንሣት ደግማ ታጎነብሳለች፣ ለማውጣት ደግሞ ትነሣለች። 30 እንጀራ ብትጋግር፣ ለእያንዳንዷ ሦስት ጊዜ ብቻ ብታጎነብስ እንኳ 90 ጊዜ ወገቧን አጥፋለች ማለት ነው። የሊጡ ክብደት ትንሽ ነው፤ 90 ጊዜ የተነሣው የራሷ ገላ ነው። መፍትሔው ከሥራው ፊት የሚሠራ ሥራ ነው፦ ምጣዱን ወገብ ላይ በሚደርስ ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም በተገነባ መደብ ላይ ማድረግ፤ የሊጡን ባልዲ በቀኝ በኩል፣ ማጎንበስ በማያስፈልግበት ቁመት፣ በርጩማ ላይ ማኖር፤ ማሰሻውንና የተወቀጠውን ጎመን ዘር ክንድ ሳይዘረጋ በሚደረስበት ቦታ ማስቀመጥ፤ እንጀራው የሚዘረጋበትን ሰፌድ በግራ በኩል፣ ከምጣዱ ጋር በተስተካከለ ከፍታ ማዘጋጀት። ግራኝ ለሆነች ሴት አቀማመጡ ይገለበጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ ምጣዱን ከፍ አድርገው ባልዲውን መሬት ላይ ይተዉታል፤ ግማሹ ድካም የቀረው እዚያ ላይ ነው።

በእንጨት ለሚጋግሩ ደግሞ በሲሚንቶና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድብልቅ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ፣ በሦስት ጉልቻ ከሚነድደው እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። የዚህ ጥቅም ጭሱን በመቀነስ አይወሰንም፤ እንጨቱን ለምታመጣውም ይደርሳል። ከእንጦጦ ተራራ ከ30 ኪሎ በላይ የሆነ ማገዶ ተሸክመው በሚወርዱ ሴቶች ጀርባ ላይ የተቀነሰ እያንዳንዱ ሸክም ትልቅ ነገር ነው።

ውኃ ለሚቀዱም አንድ ቃል፦ 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ከመሄድ፣ ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጅ ማመጣጠን ወይም በእጅ ጋሪ መግፋት ወገብን ያሳርፋል። በጀርባ የሚሸከሙ ከሆነ ሸክሙ ወደ ገላ በተጠጋ መጠን ይቀላል።

ሥራው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ደህና ነኝ፤ የሚያቅተኝ መጀመሩ ነው። ምን ላድርግ?

ይህ እጅግ የተለመደ ነው። ከመጀመር በፊት የሚሰማው ክብደት የሥራው ብቻ ሳይሆን፣ ምን ልሥራ፣ መቼ ልሥራ፣ በምን ልጀምር የሚለው ሐሳብም ጭምር ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልቪትዘር ለብዙ ዓመታት ያጠናው መንገድ ውሳኔውን ቀድሞ ጨርሶ ማሳደር ነው። «ነገ ልብስ አጥባለሁ» ከማለት ይልቅ «ነገ ጠዋት ልጆቹ ከበር እንደወጡ ልብሱን እዘፈዝፋለሁ» ብሎ ሥራውን ከተወሰነ ሰዓት ወይም ከሚታወቅ ክስተት ጋር ማሰር፣ ሥራው እንዲፈጸም በእጅጉ እንደሚረዳ ጥናቶቹ አሳይተዋል። ያ ሰዓት ሲደርስ ከራስ ጋር ክርክር አይኖርም።

ከዚህ ጋር ሦስት ነገር ልጨምር። የሥራውን ዕቃ ማታ አውጥተው ቦታው ላይ ያኑሩት። የመጀመሪያዋን እርምጃ ሊያፍሩባት እስኪችሉ ድረስ ያሳንሷት፤ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያ እርምጃው ፋይሉን ከፍቶ ርእሱንና ቀኑን መጻፍ ሊሆን ይችላል። ሥራውን ሲያቆሙም ሁሉን አሟጠው ሳይሆን የሚቀጥለውን መስመር በማስታወሻ ጽፈው ያቁሙ፤ በማግሥቱ የት እንደነበሩ ለማስታወስ የሚወጣው ጉልበት ይድናል።

ልማድ እስኪሆን ስንት ቀን ይፈጃል?

21 ቀን የሚባለው በሰፊው ይወራል እንጂ በጥናት አልተደገፈም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን የተከታተለውና ፊሊፓ ላሊ የመራችው ጥናት ሥራው ሳይታሰብ የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ከሰው ሰውና ከሥራ ሥራ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል። አንድ ቀን መዝለልም የተገነባውን አላፈረሰውም። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ካልቀለለዎት መንገዱ ተበላሽቷል ብለው አይተዉት።

ከሰው ጋር ሲሠራ ሥራ የሚቀልለው ለምንድን ነው?

በደቦ፣ በወንፈል ወይም በጅጌ ያጨደ ወይም ያረመ ሰው መልሱን በገላው ያውቀዋል። አጫጆቹ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ አውጪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማጭዱም ከዜማው ጋር አብሮ ይወርዳል። በዚያ መስመር ውስጥ ያለ ሰው ብቻውን ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ይጥለው የነበረውን ማጭድ እስከ ማታ ይዞ ይውላል። እዚህ ላይ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አብረው ይሠራሉ ብዬ አምናለሁ። ዜማው እንቅስቃሴውን እኩል ስለሚያደርገው ጉልበት በመጣደፍና በመዘግየት አይባክንም። ትኩረት ከወገብ ሕመሙ ወደ ግጥሙ ይዞራል። ፍጥነቱን የሚወስነው መስመሩ በመሆኑም እያንዳንዱ ሰው «ልረፍ ወይስ ልቀጥል?» እያለ በየደቂቃው ከራሱ ጋር አይሟገትም።

በአካል አብሮ መንቀሳቀስ በራሱ ኃይል እንዳለው የሚጠቁም ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጀልባ ቀዛፊዎች ብቻቸውን ሲቀዝፉና በቡድን እኩል ሲቀዝፉ ተነጻጽረው፣ የሠሩት ሥራ ያው ሆኖ ሳለ በቡድን ከቀዘፉ በኋላ ሕመምን የመቋቋም አቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በእንጦጦና በሱሉልታ ጠዋት የሚወጡ ሯጮቻችንም ተከታትለው፣ አንዱ የሌላውን እግር እያየ የሚሮጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከፊት ያለው ፍጥነቱን ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ያንን ሐሳብ ትቶ መሮጥ ብቻ ይቀረዋል።

ይህን ወደ ከተማ ኑሮ ማምጣት ይቻላል። በርበሬ ቀንጥሶ ማዘጋጀት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ለድግስ እህል መልቀም ለአንድ ሰው የሁለት ቀን ሥቃይ ሲሆን፣ ለአምስት ጎረቤት የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ነው። ውጭ አገር የሚኖሩና ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎችም በስልክ ድምፅ እየተገናኙ፣ እያንዳንዱ በየቤቱ የራሱን ሥራ እየሠራ፣ አብረው መዋል ይችላሉ።

ሙዚቃ መስማትና ለራስ መናገርስ ይረዳሉ?

ለሚደጋገምና ብዙ ማሰብን ለማይጠይቅ ሥራ ሙዚቃ ይረዳል፤ ለማንበብና ለመጻፍ ግን ግጥም ያለው ዘፈን ትኩረትን ይሻማል። ለራስ መናገርን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የብስክሌት ጥናት፣ ራሳቸው የመረጧቸውን አጫጭር የማበረታቻ ቃላት ለሁለት ሳምንት የተለማመዱ ሰዎች ድካሙ ቀንሶ እንደተሰማቸውና እስኪዝሉ የቆዩበት ጊዜ 18 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። «አይዞህ» ወይም «በርቺ» የሚለው ቃል ለሌላ ሰው እንደሚጠቅም ሁሉ ለተናጋሪውም ይጠቅማል።

ቡና ድካምን በእርግጥ ይቀንሳል?

ይቀንሳል፤ ካፌይን የድካምን መልእክት የሚያደርሰውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ ስለሚገታ፣ ያው ሥራ ቀለል ብሎ ይሰማል። ሆኖም ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። አቦሉን ጠዋት ጠጥቶ የማታውን ስኒ መተው፣ ወይም ማታ የቡናውን ወግ ይዞ መጠኑን መቀነስ፣ ለነገው ሥራ ይጠቅማል። እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚሠራው ሁሉ ከብዶት ነው የሚጀምረው።

በቢሮ ሥራ ላይ ይበልጥ የሚያደክመው ምንድን ነው?

ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው መዝለል። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ አንድን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ የተሸጋገረ ሰው የሐሳቡ ከፊል በፊተኛው ሥራ ላይ ይቀራል፣ የሁለተኛውም ጥራት ይቀንሳል። ባለጉዳይ በሚበዛበት መሥሪያ ቤት ይህን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም። ነገር ግን ደብዳቤ የሚረቀቅበትን ሰዓት ከባለጉዳይ መቀበያው ሰዓት መለየት፣ ተመሳሳይ ፋይሎችን አሰባስቦ በአንድ ጊዜ መጨረስ፣ የቴሌግራም ማሳወቂያን ዘግቶ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ማየት በማንም አለቃ ፈቃድ ላይ የማይንጠለጠሉ እርምጃዎች ናቸው።

በጾም ወቅትና በሙቀት አገር ለሚሠሩ ሰዎች ምን ይመከራል?

ትኩረትና ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ወደ ጠዋት ማምጣት፣ የለመዱትንና ብዙ የማያሳስበውን ወደ ከሰዓት ማዞር። ሙቀት ሲበረታ ልብ ገላን ለማቀዝቀዝም ስለሚሠራ፣ የለመድነው ሥራ ከወትሮው ይከብዳል፤ ይህ ድክመት አይደለም። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ውስጥ በቀትር ሰዓት ከቤት ውጭ በፀሐይ ሥር ማሠራት በሕግ የታገደው ለዚህ ነው። ድንጋጌው በቤት ውስጥ ተቀጥረው ለሚሠሩ እህቶቻችን ስለማይደርስ፣ ልብስ መተኮስንና ጣራ ላይ ልብስ ማስጣትን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ማታ እንዲያዞሩ፣ ውኃም ሳይጠማቸው እንዲጠጡ እመክራለሁ።

ሁሉም ሥራ ቀላል መሆን አለበት?

የለበትም፤ ትምህርት ዋናው ምሳሌ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠ ፈተና በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የታገሉት በልጠው ተገኙ። ደጋግሞ ማንበብ ስለሚቀልል ያወቅን ይመስለናል። ስለዚህ ተማሪው ጠረጴዛውን አስተካክሎ፣ ስልኩን አርቆ፣ የሚያጠናበትን ሰዓት ቀድሞ ወስኖ በዙሪያው ያለውን ክብደት ሁሉ ያውርድ፤ ደብተሩን ዘግቶ ራሱን የመጠየቁን ትግል ግን አያውርድ፤ ዕውቀቱ የሚያድረው በዚያ ትግል ነው።

ይህን ሁሉ አድርጌ ድካሙ ካልለቀቀኝስ?

ሥራው ሳይጨምር፣ እንቅልፍ ሳይጎድል፣ ድካሙ ለሳምንታት ከቆየ ነገሩ የአሠራር ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት እጢ ችግር፣ የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳና የመንፈስ ጭንቀት ሁሉም መጀመሪያ ላይ «ሥራ ከበደኝ» በሚል ስሜት ሊገለጡ ይችላሉ። በተለይ በወር አበባ ጊዜ ብዙ ደም የሚፈሳት፣ በቅርቡ የወለደች ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራትና ልቧ የሚመታባት ከሆነ፣ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ምርመራ እንድታደርግ በብርቱ እመክራለሁ፤ ምርመራው ቀላል ነው፣ የደም ማነሱም በአብዛኛው በሕክምና የሚስተካከል ነው። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ ወይም ሌሊት ሌሊት የሚያልበው ሰውም መታየትን ለነገ ማለት የለበትም።